ሞትን በፊደል እንዴት እናናግረው? ስለ «ሞርት» ልቦለድ

የከዚራ ጥላ (ጠያቂ)

ጀማው ሰላም ነው? እዚህ ድሬ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ የዘጠኝ ሰው የንባብ ቡድን አለ። ቀጣዩ መጽሐፍ የቴሪ ፕራቸት «ሞርት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ አስቂኝ ምናባዊ ልቦለድ። ላላነበበው ባጭሩ፦ ሞት ራሱ፣ ቆብ ያለው ጥቁር ካባ የለበሰ አጽም ሆኖ፣ በነጭ ፈረስ እየዞረ ነፍስ ይሰበስባል። አንድ ቀን ተለማማጅ ይቀጥራል። ተለማማጁ ሞርት ለእርሻ ያልተፈጠረ ጎረምሳ ነው። አባቱ ልጆች ወደሚቀጠሩበት ገበያ ወስዶት፣ ሌላው ሁሉ ጌታ አግኝቶ ሲሄድ እሱ ብቻ እስከ እኩለ ሌሊት ተገትሮ ይቀራል፤ የመጨረሻው ደወል ሲመታ ፈረሰኛው ከች ይላል። ኋላ ልጁ ለብቻው ሥራ ሲላክ፣ ነፍሷን እንዲቀበል የተላከባትን ልዕልት ትቶ ገዳይዋን ይገድላል። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ከዘጠኙ እንግሊዝኛውን የሚያነቡት አራት ናቸው። ለቀሩት በየሳምንቱ አሥር ገጽ ያህል የአማርኛ ወረቀት አዘጋጅተን ጮክ ብለን እናነባለን። የገጠመን ችግር ደግሞ ይሄ ነው፦ በመጽሐፉ ውስጥ ሞት ሲናገር ንግግሩ ያለ ትምህርተ ጥቅስ፣ በትንንሽ ዋና ፊደላት ነው የተጻፈው። ፊደላችን ዋናና ትንሽ የለው። ምን እናድርግ? ሞትስ ሰውን «አንተ» ይበል ወይስ «እርስዎ»? መጽሐፉም ምዕራፍ የሚባል ነገር የለውም፤ የት የት ላይ ይቆረጥ? ያነበባችሁት እስቲ ሐሳብ ስጡ፤ መጽሐፉን አልወደድኩትም የሚልም ካለ ይናገር።

ፊደል ቆጣሪ

የድምፁን ነገር እንደ ጌጥ እንዳታዩት። ታሪኩ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ሞርት ሥራውን ይዞ በቆየ ቁጥር ጌታውን እየመሰለ ይሄዳል፤ ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፣ ዓይኑ ይለወጣል፣ አንዳንዴም መሀል ንግግር ላይ ድምፁ የሞት ድምፅ ይሆናል። ደራሲው ይህን አይነግረንም፤ ፊደሉን ብቻ ይለውጣል። ምልክቱን አማርኛው ላይ ከጣላችሁት ልጁ እየተበላ መሆኑን አንባቢው ሳያውቅ መጨረሻው ላይ ይደርሳል።

ደማቅ ፊደል መጀመሪያ የሚታሰበው ነው፤ አይሆንም። ደማቅ ፊደል ይጮኻል፤ ሞት ደግሞ አይጮኽም። ፊደሉን ማሳደግም ያው ነው። ያዘመመ ፊደል ላይ አማርኛ አያምርም፤ ብዙዎቹ ቅርጸ ፊደሎች ለግዕዝ የተሠራ ዘመም ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ገፍቶ ያጋድለዋል።

የሚሻለው ሁለት ነጥብ ነው። ድሮ ቃልና ቃል የሚለየው በ«፡» አልነበር? ዛሬ በክፍት ቦታ ተክተነዋል። ስለዚህ ለሰው ሁሉ ክፍት ቦታ፣ ለሞት ብቻ ሁለት ነጥብ። ትምህርተ ጥቅሱን አንሱለት። ጥያቄ ሲጠይቅም «?»ን ትታችሁ በቀድሞው ባለ ሦስት ነጥብ ምልክት «፧» ጻፉለት። ከራሴ ምሳሌ ልስጥ፦

«ልጁ የት ሄደ?» አለ አሽከሩ።
ልጁ፡የት፡ሄደ፧ አለ ሞት።

ቃሉ አልተነካም፤ ግን ሁለተኛው ከብራና ላይ የመጣ ይመስላል። ዓይን ወዲያው ቀዝቀዝ ይላል። ሞርት ሲለወጥ ደግሞ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የተለወጡትን ቃላት ብቻ በነጥብ ትይዟቸዋላችሁ፦ «እኔ እኮ አላውቅም፣ ግን ጊዜው፡ደርሷል።» ደማቅ ፊደል ይህን መንሸራተት አይሰጣችሁም።

ስትተይቡ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። በእንግሊዝኛው የቁልፍ ሰሌዳ ያለው «:» እና የእኛ «፡» አንድ አይደሉም፤ ከስልክ የሚተይብ ሰው ያቀላቅላቸዋል፣ ኋላ ፈልጎ ማረም ሲመጣ ግማሹ አይገኝም። የዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ሕግ ከ«፡» በኋላ መስመር እንዲታጠፍ ይፈቅዳል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ግን ስለማያከብረው ረጅሙ ንግግር እንዳለ ከገጹ ጠርዝ ያልፋል። እንዲያ ካደረገባችሁ ከነጥቡ በኋላ አንድ ክፍት ቦታ ጨምሩ፤ መልኩ ብዙም አይጎዳም። መስመሩን ግራና ቀኝ እኩል አታድርጉት፤ የሚለጠጥ ክፍት ቦታ ስለሌለ የሞት መስመር አጥሮ፣ ከላይና ከታች ያለው ተለጥጦ ያስቀይማል። በግራ ብቻ አስተካክሉ። ኒያላና ኖቶ የተባሉት ቅርጸ ፊደሎች ሁለቱንም ምልክቶች ይዘዋል። ጽሕፈት ቤት ስትወስዱት ግን በፒዲኤፍ ስጡ፤ ቤቱ የቆየውን ዩኒኮድ ያልሆነ ፓወር ግዕዝ የሚጠቀም ከሆነ ነጥቡም ፊደሉም ይዘበራረቃል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ማንም የማያስበው። እንግሊዝኛው የሞትን ስም በዋና ፊደል ጀምሮ ከተራው «ሞት» ይለየዋል። እኛ ጋ «ሞት በሩ ላይ ነው» ሲባል ሰውየው ራሱ ይሁን አባባሉ አይታወቅም። ስለዚህ ባዶውን «ሞት» ለገጸ ባሕርዩ ብቻ አስቀሩት፤ ለተራው ነገር «መሞት»፣ «ማለፍ»፣ «ኅልፈት»፣ «ዕድሜው ማለቁ» እያላችሁ ሂዱ። ስሙን ደግሞ አስተውሉ፦ «ሞርት» በፈረንሳይኛ ሞት ማለት ስለሆነ ደራሲው የተጫወተበት ስም ነው። በአማርኛ ግን ጨዋታው በነጻ መጥቶልናል፤ በ«ሞት» እና በ«ሞርት» መካከል ያለችው አንዲት «ር» ናት። ተለማማጁ ጌታውን ለመሆን የምትቀረው እሷ ብቻ! ስታርሙ ግን እሳት ናት፤ አንዲት «ር» ከወደቀች ልጁን ጌታው ታደርጉታላችሁ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ትእዛዝ አትንኩት፣ አንድ በአንድ እዩ።

ጁገል ማዶ

ከሐረር ነኝ፤ «አንተ» እና «እርስዎ» ላይ ልግባ። የእኛን አገር ሰው ካማከራችሁ «አቦ አንተ በሉት» ይላችኋል፤ ድሬም ሐረርም አንቱታ ብዙ አይወደድም ይባል የለ። በሱ ከሄዳችሁ ግን መሣሪያ ትጥላላችሁ።

ሞት ለሚወስዳቸው ሁሉ «አንተ» እና «አንቺ» ይበል። ንጉሡንም፣ ለማኙንም፣ ጠንቋይ አሮጊቷንም። ንቀት አይሆንም፤ እግዜርንም አላህንም በጸሎት «አንተ» ነው የምንለው። ለሁሉ «እርስዎ» ቢልስ? ያው እኩል ያደርጋል፤ ግን የቢሮ አማርኛ ይሆንና ሞት ከመስኮት ኋላ የተቀመጠ ገንዘብ ተቀባይ ይመስላል። አንድ ሁለት ገጽ ያስቃል፣ ከዚያ ይሰለቻል። ተራኪውም «እሱ» ይበለው፣ «እሳቸው» አይበል፤ በአንቱታ «መጡ» ሲባል አንድ ሰው ይሁን ብዙ አይለይምና፣ ሞትና ሞርት አብረው በገቡበት ትዕይንት ላይ አንባቢ ይጠፋል።

ሞርት ግን ሞትን «እርስዎ» ይበለው፤ «ጌታዬ» እያለ። ሞት ደግሞ ስሙን ትቶ «ልጅ» እያለ ይጠራዋል፤ ልጁ ስሜ ሞርት ነው ቢልም የሚሰማው የለም። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጎራዴና ማጭድ ሲማዘዙ ሞርት አንድ ጊዜ «አንተ» ካለ በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከመጀመሪያው «አንተ» ካላችሁት ያቺን ቦታ በምን ትሞሏታላችሁ? አልበርት፣ የሞት ቤት አሽከር፣ «እርስዎ» ይበል። ኢዛቤል የማደጎ ልጁ ስለሆነች «አባዬ» እና «አንተ»። (16 ዓመት ከሞላት 35 ዓመት የሆናት ልጅ ናት፤ እዚያ ቤት ጊዜ አይሄድም። አማርኛው ላይ ይህን ቁጥር በፊደል ሳይሆን በአኃዝ ጻፉት፣ ቀልዱ በዓይን ነው የሚገባው።)

ልዕልት ኬሊ ጋ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። በሕይወት ትኑር እንጂ የዓለም ታሪክ ሞታለች ብሎ ስለዘጋባት፣ የቤተ መንግሥቱ ሰው ይረሳታል፤ ፊቱ ቆማ አያያትም፣ ሲነገረው ደንገጥ ብሎ ያስታውሳል፣ መልሶ ይረሳል። እንግሊዝኛው ይህን የሚያሳየው በድርጊት ነው። በአማርኛ ግን አሽከሮቹ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ»፣ ከ«አንቺ» ወደ ምንም ሲወርዱ ማሳየት ትችላላችሁ።

እሷን እያስተዋወቀ እንዲዞር የቀጠረችው አስማተኛ፣ ከትዌል፣ ማዕረጉ ችግር ነው። «እልፍኝ አስከልካይ» እንዳትሉት፤ ያ ሰው የሚያግድ ነው፣ የዚህኛው ሥራ ተቃራኒ። «አጋፋሪ» ይቀርባል። ደግሞ «ደብተራ» የሚል ፈተና ይመጣባችኋል፤ መጠጥ የሚወድ፣ የተማረ፣ አስማት የሚያውቅ ሲባል ሁሉም ሰው አፉ ላይ ትመጣለች። ተዉት። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ እነዚያ አስማተኞች ግን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው።

አቦ ይሁን

እኔ የምለው፣ አማርኛ ራሱ ለዚህ መጽሐፍ የተሠራ ነው እኮ! ሰው ዕቃ ሲረሳ «ሞት ይርሳኝ» ይላል። ሲያጎርስ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ይላል። ሲስቅ «በሳቅ ገደልከኝ» ይላል። ሞት አጠገቡ ቆሞ እየሰማ አስቡት። መደበኛ ሰው ሞትን አያየውም፣ አእምሮው ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው። እና ሞት ኋላ የሚቀጠርበት ጥብስ ቤት ባለቤት «ሞት ይርሳኝ፣ ጨው አልጨመርኩም» ሲል... ወላሂ ይህን የማይጽፍ ተርጓሚ ተርጓሚ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ

አቦ ይሁን፦ አንዷን አሥር ገጽ ላይ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በላይ የለም። ሦስተኛዋ ላይ አንባቢው መጠበቅ ይጀምራል፤ የሚጠበቅ ቀልድ ደግሞ አለቀለት። ሞት ራሱ «በሞቴ» እንዲል የሚፈልግ ካለም ጨርሶ ይተወው። ይህ ገጸ ባሕርይ የሚያስቀው መቀለድ ስለማያውቅ ነው፤ ሁሉን ነገር ከልቡ ነው የሚያደርገው። በገዛ ስሙ የሚቀልድ ሞት ከአፉ ከወጣ ሌላ ሰው ነው።

መጽሐፉ ውስጥ የዚህ ጥሩ ማሳያ አለ። ሞርት የመጀመሪያ ሥራው ጋጣ መጥረግ ነው። ሞት ኋላ ለምን እዚያ እንደላከው በቁም ነገር ይጠይቀዋል። ልጁ ጥልቅ ምሥጢር ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ ፋንድያው ጉልበት ድረስ ስለደረሰ መሰለኝ ይላል። ልክ ነህ ይባላል። ሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ ከእንግሊዙ ይልቅ ለእሱ የተጻፈ ቀልድ ነው፤ ወርቁን ሲቆፍር ቆይቶ ሰሙ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። እዚያ ቦታ ላይ አንዳች ማጣፈጫ ከጨመራችሁ ገደላችሁት።

የግርጌ ማስታወሻ

ሁላችሁም ስለ ትርጉሙ ነው፤ ስለ መጽሐፉ ማንም አልተናገረም። እኔ ልናገር፣ ደስ ባይላችሁም።

«ሞርት» ፕራቸት ዲስክወርልድ በሚባል የምናብ ዓለም ላይ ከጻፋቸው 41 ልቦለዶች አራተኛው ነው፣ ለጀማሪ ከሚመረጡት አንዱም ነው፤ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝ አንባቢዎችን ተወዳጅ ልቦለዶች ባስመረጠ ጊዜ 65ኛ ወጥቷል። ከዚያ በፊት ያሉትን ማንበብ አያስፈልግም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1983ቱ የመጀመሪያ መጽሐፍ የሚመጣው ሞት ክፉና ተናዳጅ ስለሆነ፣ በሱ የጀመረ ሰው ሁለቱን ማስታረቅ ይቸግረዋል። አሁን የምናውቀው ሞት፣ ድመት የሚወድ፣ ቅመም የበዛ የሕንድ ወጥ የሚወድ፣ ሰው የሚባለውን ነገር ለመረዳት የሚታገለው፣ የተሠራው እዚህ «ሞርት» ላይ ነው።

ጥንካሬውም እዚያ ነው። ሞርት የሞትን ሥራ ሲሠራ ሞት ከተማ ወርዶ ሰው ሊሆን ይሞክራል። ዓሣ ያጠምዳል፣ ግብዣ ላይ ሰዎች ተያይዘው ሲጨፍሩ ተሰልፎ ይጨፍርና ደስታው የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ይጠጣል፣ ሥራ አገናኝ ቢሮ ይሄዳል፣ በመጨረሻም የጎድን ጥብስ ቤት ወጥ ቤት ይገባል። እና ደስ ይለዋል! ሁለቱ መስመሮች እንደ ሚዛን ናቸው፤ አንዱ ሰው ወደ ሞት ሲወጣ አንዱ ሞት ወደ ሰው ይወርዳል። በየገጹ ካሉት ቀልዶች ይልቅ መጽሐፉን ያቆመው ይህ ነው።

ድክመቱ ፍቅሩ ነው። ሞርትና ኢዛቤል መናቆር ጀምረው ሳይታሰብ ይፋቀራሉ፤ በመካከሉ መኖር የነበረበት ነገር የለም። ኬሊም መጀመሪያ ላይ ጉልበት ያላት ሰው ሆና ትመጣና ግማሹ ላይ ችግር ብቻ ትሆናለች። መጨረሻውም ቀሎኛል። መጽሐፉ ከመነሻው ሲነግረን የቆየው ሞት ፍትሕም ምሕረትም እንዳልሆነ፣ ሥራውን ብቻ እንደሚሠራ ነው፤ ዕድል አይለወጥም፣ የዕድሜ አሸዋ (እዚያ እያንዳንዱ ሰው ዕድሜው የሚለካበት የአሸዋ ሰዓት አለው) አይመለስም። ከዚያ መዝጊያው ላይ የአሸዋውን ብርጭቆ ገልብጦ ይሰጠናል። ደስ ይላል፣ ግን ዋጋ አልተከፈለበትም። (ያላነበባችሁ ይቅርታ።)

ስለዚህ ሁለተኛ መጽሐፍ ሲመርጡ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን «ሪፐር ማን» እላለሁ። እዚያ ሞት ከሥራ ይባረራል፣ አሸዋው የሚፈስ የራሱ ዕድሜ ይሰጠዋል፣ አንዲት አሮጊት ገበሬ ጋ አጫጅ ሆኖ ይቀጠራል። ያ ክፍል ከጻፋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ችግሩ የመጽሐፉ እኩሌታ ስለ አስማተኞችና ከተማ ውስጥ ስለሚበቅል የገበያ አዳራሽ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ልቦለዶች በአንድ ገመድ የታሰሩ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1994ና በ1996 የወጡት የሞት መጻሕፍት ላይ የሞርት ልጅ ሱዛን ትመጣለች፤ «ሞርት»ን ሳያነቡ ወደዚያ መሄድ አያዋጣም።

ማጭድ ካነሳን ደግሞ፦ የሞት መሣሪያ የእኛ ማጭድ አይደለም። የእኛው ባንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው ጭብጥ አድርገው የሚያጭዱበት ነው። የእሱ ሰው የሚያክል እጀታ ያለው፣ ቆመው በሁለት እጅ ዙሪያውን የሚወነጭፉት ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ግለጹትና ከዚያ በኋላ «ማጭድ» በሉት። ካልገለጻችሁ የሐረርጌ አንባቢ ሞትን ማሽላ ውስጥ አጎንብሶ ነው የሚስለው። ለንጉሣውያን ማጭዱን ትቶ ጎራዴ እንደሚይዝም አትርሱ፤ ክብር ለማዳላት ሳይሆን ደንቡ ስለሆነ።

የከዚራ ጥላ (ጠያቂ)

ሁለት ነጥቡን ወደድነው። «መልአከ ሞት» እንበለው የሚል ሐሳብ ግን ቡድኑ ውስጥ ተነስቷል፤ ሌላው ደግሞ «መለከል መውት» ካልሆነ ይላል። የአሸዋ ሰዓቱንም «የዕድሜ አሸዋ» ስንለው አንዱ ከዚሁ ከድሬው አሸዋ ገበያ ነው የተገዛው ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ሌላው፣ ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ድምፁን ያወፍር?

ሳቢያን ጥግ

ሁለቱንም ስም ተዉ፣ «ሞት» ብቻ በሉ። አንደኛ መጽሐፉ ውስጥ መልአክ አይደለም፤ የሚልከው የለም፣ አይፈርድም፣ ነፍስ ወደ ሲኦል ይሂድ ገነት አይወስንም፤ አማልክቱ ሌላ ናቸው። ሁለተኛ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም መልአክ ስም ይዞ የጥብስ ቤት ወጥ ቤት ማስገባት ቀልዱን አያሻሽልም፣ ክርክር ብቻ ይጠራል። ድሬ ላይ ዘጠኝ ሰው ሲሰበሰብ ሁለቱም ወገን አለ። የአሸዋውን ቀልድ ግን አትከልክሉት፤ ከወረቀቱ ውጭ የሆነ ቀልድ የቡድን ነው።

ድምፅ አታወፍሩ። የሞት ንግግር በጆሮ ሳይሆን በቀጥታ ወደ አእምሮ የሚገባ ተደርጎ ነው የተጻፈው። የጭራቅ ድምፅ ከሰጣችሁት አምስት ደቂቃ ያስቃል፣ አንባቢው ጉሮሮውን ይታመማል፣ ሰሚውም ቃሉን ትቶ ድምፁን ነው የሚያደምጠው። አንድ ሰው ለሞት ይመደብ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሱው። ከንግግሩ በፊትም በኋላም ሁለት ቆጥሮ ዝም ይበል፤ መሀሉን ሳያጠብቅ ሳያላላ፣ በአንድ ፍጥነት ይሂድ። ሁለት ነጥቡ እዚህ ይረዳዋል፤ በየነጥቡ ቃሉን ቁጭ ያደርጋል። የሞርት አንባቢ ልጁ የተለወጠበት ቃል ሲደርስ የሞትን አንባቢ ድምፅ አይኮርጅ፣ ፍጥነቱን ብቻ ይያዝ። ያነጣጠረ ጆሮ ይሰማዋል።

በ12 ነጥብ የተተየበ አንድ ኤ4 ገጽ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሦስት ደቂቃ ግድም ይፈጃል። አሥር ገጹ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ፣ በተለይ ከበርጫ በኋላ ከሆነ ሁሉም የራሱን መጽሐፍ መናገር ይጀምራል። ደራሲው የግርጌ ማስታወሻ ይወዳል፤ ኮከቡ ጋ ስትደርሱ እዚያው አንብቡት። ወደ ገጹ ግርጌ ካቆያችሁት የቀልዱ አናት ተቆርጦ እግሩ ብቻ ይቀራል።

አቆራረጡን በገጽ ሳይሆን በክስተት አድርጉት። የመጀመሪያው ከገበያው ጀምሮ እስከ ጋጣው ጥያቄ ይሂድ፤ ሳቅ ላይ ያልቃል። ሁለተኛው የንጉሡ መገደልና ሞርት ኬሊን መጀመሪያ ያየባት ነው። ሦስተኛው ለብቻው የወጣበት ሌሊት ነው፦ ጠንቋይ አሮጊቷ፣ ሞቶ የሚወለደው የገዳም አበምኔት፣ ከዚያም ልዕልቲቱ። ገዳዩ የወደቀበት መስመር ላይ ቁረጡ፤ አንዲትም ቃል አትጨምሩ። አራተኛው ችግር ነው፣ ለብቻው የሁለቱን ያህል ይረዝማል፤ ኬሊ የምትረሳበት፣ እውነተኛው ታሪክ እንደ ጉልላት ሆኖ እየጠበበ የሚመጣባት፣ ሞትም ከተማ ውስጥ ሥራ የሚፈልግበት ተፈራርቀው ነው የሚሄዱት። በሁለት ቅዳሜ ክፈሉት፣ ግን ተረኮቹን ለያይታችሁ አትሰብስቧቸው፤ መፈራረቁ ራሱ ነው ትርጉሙ። የመጨረሻው ከዘውድ መጫኑ እስከ ፍልሚያው።

የከበደ ነገር ልጨምር። ከተማው ብዙ ሰው የወሰደውን የ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያሳለፈ ነው። መጽሐፉ በሞተ ሰው ላይ አይቀልድም፣ ያም ሆኖ ሰው ሲጋበዝ ጭብጡ አስቀድሞ ይነገረው፤ በቅርብ ሐዘን የገባ ሰው ካለ ለራሱ ይወስን። ደራሲው ራሱ በአልዛይመር መያዙን እ.ኤ.አ. በ2007 ተናግሮ፣ በ2015 እስኪያርፍ ድረስ ሲጽፍ ነበር፤ ኅልፈቱም ለሕዝብ የተነገረው በትዊተር ገጹ፣ በዚያው በሞት ፊደል ነው። ይህን ከመጨረሻው ንባብ በኋላ ብትነግሯቸው ይሻላል፣ በፊት አይደለም።

አቦ ይሁን

ፈረሱስ? ስሙ «ቢንኪ» ነው እኮ። እንግሊዙ የሚስቅበት የልጅ መጫወቻ ስም ስለሚመስል ነው፤ እኛ ጋ ባዶ ድምፅ ነው። «ቡቺ» እንበለው?

ጁገል ማዶ

ቡቺ ውሻ ነው፤ ፈረሱ ሳይመጣ መጮህ ይጀምራል። ቢንኪ ይቆይ። ግን እኛ ለፈረስ ስም ያለን ግምት ራሱ ይጠቅማችኋል፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የሐረሩ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። አንባቢው የሞት ፈረስ ሲባል «አባ» የሚል ነገር ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ከስሙ በፊት ፈረሱን ከነነጩ፣ ከነግርማው፣ ሦስት አራት መስመር በድሮ ወግ አሞግሱት፤ ሞርት ስሙን ይጠይቅ፤ ከዚያ በሁለት ነጥብ፦ ስሙ፡ቢንኪ፡ነው።